ላፕቶፑ ፈጣን ነው፣ ፕሮጀክተሩ ግን አላየውም

ጥያቄው

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሥራዬ ሰው ፊት መቆም ይበዛበታል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ስላይድ ይዤ የማላውቀው አዳራሽ ውስጥ እገባለሁ። ፕሮጀክተሩን እኔ አልመርጥም። ኬብሉንም እኔ አልመርጥም። የምመርጠው የራሴን ላፕቶፕ ብቻ ነው።

ያለኝ ላፕቶፕ 6 ዓመት አገልግሎኛል። ባለፈው ሳምንት ግን አዋረደኝ። ኬብሉን ስሰካ ፕሮጀክተሩ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ፤ ያው ሰማያዊ። ሃያ ሰው ዝም ብሎ ጣቶቼን ያያል። አንዱ ከኋላ ሆኖ አጥፍቼ እንዳበራው መከረኝ። ሰማሁት፣ አጠፋሁት። ሲነሳ አፕዴት ጀመረ። 7 ፐርሰንት ላይ ደርሶ ድርቅ አለ። የ40 ደቂቃውን ነገር ላብ በላብ ሆኜ በቃሌ ተወጣሁት።

ስለዚህ አዲስ ልገዛ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 ቢሆን ይበቃኛል ወይስ አይ 7 ልውሰድ? ራም 8 ጊጋ ወይስ 16? ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ያለው ይሻላል? የምሠራው በፓወርፖይንት ነው። አልፎ አልፎ ቪዲዮ አሳያለሁ፣ ኤክሴል እከፍታለሁ። ሌላ ጣጣ የለኝም።

መልሶቹ

ይህን ለጥፌ ተኛሁ። ስነሳ ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ሌላ ቦታ ደርሷል። ሁሉንም ማንበብ ለሚታክተው ሰው በራሴ አነጋገር ልተርከው። የመልሶቹን ቁጥር እንዳለ ያስቀመጥኩት ወደ ኋላ ሄዶ ማየት የፈለገ እንዳይጠፋበት ነው።

1ኛው መልስ የጠየቅኩትን መለሰ። ኮር አይ 5 ወይም ተመጣጣኙ ራይዘን 5 ከበቂ በላይ ነው፣ ራሙን 16 አድርገው፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን፣ ግራፊክስ ካርዱን እርሳው አለኝ። አራት መስመር ነው፣ ሰላምታውን ጨምሮ። እዚያ ላይ ቢቆም ክሩ አለቀ ነበር።

2ኛው ተስማማና አንድ ነገር ጨመረ። ለስላይድ ብቻ 8 ጊጋ ይበቃል፤ ግን ማንም ሰው ስላይድ ብቻ ከፍቶ አይቀመጥም። ብሮውዘሩ ሃያ ገጽ ይዟል፣ የቪዲዮ ስብሰባው ከጎን እየሄደ ነው። ደግሞ ብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ ልጨምር ማለት አይቻልም። የሚወሰነው በሚገዛበት ቀን ነው። ይሄን አላውቅም ነበር።

ክሩን ያዞረው 3ኛው ነው። ስለ ፍጥነት ምንም አላለም። የላፕቶፔ ጎን ላይ ምን ምን ፖርት (የኬብል መሰኪያ) እንዳለ ጠየቀኝ። እኔ ስለ ሞተሩ ስጠይቅ እሱ ስለ በሩ ጠየቀኝ ማለት ነው። ተነስቼ አየሁ። አንድ ኤችዲኤምአይ፣ ሁለት ዩኤስቢ፣ የቻርጀር ቀዳዳ፣ የጆሮ ማዳመጫ። የአዳራሹ ኬብል ደግሞ ቪጂኤ ነበር። መሐል ላይ ያስገባሁት ከሰው የተዋስኩትን አዳፕተር ነው። ያ አዳፕተር ከዚያ በፊት ሠርቶ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። እኔ ፕሮሰሰሩን ስከስ ነው የሰነበትኩት።

4ኛው ሰው ማስረዳት የሚወድ ነው፣ ጥሩም አድርጎ አስረዳ። ቪጂኤ በ1987 ከአይቢኤም የመጣ ነው። ምስሉን በአናሎግ ነው የሚልከው፤ ኤችዲኤምአይ ደግሞ ዲጂታል ነው። ስለዚህ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚያሻግር ነገር ሽቦን ከሽቦ ማገናኘት ብቻ አይበቃውም፣ ውስጡ የሚቀይር ቺፕ ሊኖረው ይገባል። ባዶ ኬብል ሁለቱ ጫፎች ስለገጠሙ ብቻ አይሠራም። የራስህን አዳፕተር ግዛ፣ ቤት ውስጥ ሞክር፣ ከቦርሳህ አታውጣው ብሎ ጨረሰ።

5ኛዋ የራሷን ገጠመኝ ነገረችን፤ ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድኩት ይሄን ነው። ቻርቶቿ አንድ ቀን በሙሉ ቢጫ ሆነው ወጡ። ነጩ ቢጫ፣ ሰማያዊው ጥቁር። ሰማያዊው መስመር ጨምሯል ስትል ተሰብሳቢው የቱ መስመር ይላታል። ላፕቶፗ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ሁሉም ሰው ላፕቶፑን ወቀሰ፣ እሷም አመነች። በእረፍት ሰዓት ኬብሉን ነቅላ ጫፉን ብታየው ከ15ቱ ፒኖች አንዱ ተጣሞ ተኝቷል። የቪጂኤ ጫፍ በሦስት ረድፍ አምስት አምስት ፒን አለው። ከላይኛው ረድፍ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው። የተጣመመው የሰማያዊው ነበር። ሰማያዊ ከጠፋ ከነጭ የሚተርፈው ቢጫ ነው።

6ኛው መልስ ስለ ታይፕ-ሲ፣ ስለ ትንሹ የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ነበረው። ቀዳዳው አንድ ዓይነት ስለሆነ ሥራው አንድ ዓይነት አይምሰልህ። አንዱ ታይፕ-ሲ ቻርጅ ያደርጋል፣ ፋይል ያስተላልፋል፣ ምስል ግን አይወጣውም። ሌላው ሁሉንም ያደርጋል። የላፕቶፑ ዝርዝር መግለጫ ላይ ታይፕ-ሲው ዲስፕሌይፖርት (ምስል ማውጣት) እንደሚችል የሚል መስመር ፈልግ። የተንደርቦልት የመብረቅ ምልክት ካለውም ምስል ያወጣል። ምልክቱን ጨርሶ የማያትሙ አምራቾች ስላሉ ዓይንህን ብቻ አትመን፣ መግለጫውን አንብብ አለ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋ ክር ነበር።

7ኛው ገብቶ በዚህ ዘመን ስለ ቪጂኤ የሚያወራ ሰው ሙዚየም ውስጥ ይቀመጥ ዓይነት ነገር ጻፈ። ሁሉም ነገር ገመድ አልባ ሆኗል፣ ኬብል መሸከም ቀርቷል አለ። 8ኛዋ አልማረችውም። የራስህ ቢሮ ውስጥ ከሆነ ልክ ነህ አለችው። የሰው አዳራሽ ግን ሌላ ነው። ሚራካስት የሚባለው ከላፕቶፑ ወደ መቀበያው በቀጥታ የሚሄድ ነው፤ አፕል ግን አይጠቀምበትም፣ የራሱ ኤርፕሌይ አለው። ኔትወርካቸው ላይ ካልገባህ የማይሠራም አለ፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ፈቃድ ላይ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

9ኛው ማክቡክ ኤር ውሰድና ተገላገል አለ። 13 ኢንቹ 1.24 ኪሎ ነው፣ ፋን ስለሌለው ድምፅ የለውም፣ ባትሪው ቀኑን ይዘልቃል። 10ኛው ደግሞ ይሄ እውነት ነው፣ ግን ጎኑ ላይ ያሉት ሁለት ታይፕ-ሲዎች ናቸው፤ ያለ አዳፕተር ፕሮጀክተር ዘንድ አይደርስም አለ። ጨምሮም ኤም 1 እና ኤም 2 ቺፕ ያላቸው ኤሮች ከአንድ በላይ ተጨማሪ ስክሪን እንደማይቀበሉ ጻፈ። 11ኛው አረመው፤ ኤም 3 ክዳኑ ከተዘጋ ሁለት ይቀበላል፣ ኤም 4 ደግሞ ክፍት ሆኖም ይቀበላል። ከዚያ ጥያቄ አስከተለ። ይሄ ሰው የሚፈልገው አንድ ፕሮጀክተር ነው፣ ሁለት ስክሪን ምን ያደርግለታል? እውነቱን ነው። ግን ማን ይስማው።

ከ12 እስከ 15 ያለውን ዝለሉት። ማክና ዊንዶውስ ተጣሉ፣ 14ኛውን አወያዩ አጠፋው። ልነግራችሁ የሚገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። 13ኛው 10ኛውን መልስ የጻፈውን ሰው አንተ እያለ ልክ ልኩን ነገረው፤ ሕፃን መሆን አለብህ እስከ ማለት ደረሰ። 15ኛው መልስ የዚያው የ10ኛው ጸሐፊ ሆኖ መጣ። ማስተማር ከጀመሩ 31 ዓመት እንደሆናቸው፣ በኦቨርሄድ ፕሮጀክተርና በላስቲክ ሽፋን ላይ በብዕር እየጻፉ እንደጀመሩ፣ ማክም ዊንዶውስም ጠረጴዛቸው ላይ እንዳለ በእርጋታ ጻፉ። ቁጣ የለውም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው፣ 13ኛው ራሱ ሳይቀር። እኔም እንደዚያው ልጥራቸው።

ጋሼ ጉዳዩን መልሰው ወደ እኔ አመጡት። 16ኛው የእሳቸው ነው። ያን ቀን የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና የፒ ፊደልን አብሬ ተጭኜ እንደነበር ጠየቁኝ።

አልተጫንኩም። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። ስጫነው አራት ምርጫ መጣ። የላፕቶፑ ስክሪን ብቻ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት፣ ማስፋት፣ ሁለተኛው ስክሪን ብቻ። የእኔው የመጀመሪያው ላይ ነበር የተቀመጠው። አዳፕተሩ ደህና ሆኖ ላፕቶፑ ራሱ ወደ ውጭ ምስል ላለመላክ ወስኖ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። 6 ዓመት ሙሉ አብሬው ኖሬ። ማክ ላይ ሁለቱንም ስክሪን አንድ ዓይነት ለማድረግ ኮማንድና ኤፍ 1 እንደሆነ ጋሼ ጨምረው ጻፉ። ኤፍ 5 ስላይዱን ከመጀመሪያው ያስነሳል፣ ሺፍትና ኤፍ 5 ካለህበት። መሐል ላይ ሰው ጥያቄ ሲያነሳና ዓይን ወደ አንተ እንዲመለስ ስትፈልግ የቢ ፊደልን ጫን፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። ደግመህ ስትጫን ይመለሳል። ይቺን በማግስቱ ስብሰባ ላይ ሞከርኳት፤ ሰው ሁሉ ቀና አለ።

17ኛው አንድ ዓይነት ከማድረግ ማስፋቱ ይሻላል አለ፤ ምክንያቱም ያኔ ማስታወሻህ አንተ ዘንድ ይቀራል፣ ስላይዱ ብቻ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። እሱ ይህን የተማረው ተገላቢጦሽ ሆኖበት ነው። ማስታወሻው ግድግዳው ላይ ወጣ። ሦስተኛው ስላይድ ሥር እዚህ ጋ ቀልድ ጣል አድርግ ብሎ ለራሱ ጽፎ ነበር። ተሰብሳቢው ቀልዱን ጠበቀ። እሱም ተናገረ፤ ማንም አልሳቀም።

18ኛዋ ስለ ድምፅ አነሳች። ኤችዲኤምአይ ምስልም ድምፅም ይዞ ስለሚሄድ፣ ሲሰካ ላፕቶፑ ድምፁን ወደ ፕሮጀክተሩ ያዞረዋል። ፕሮጀክተሩ ስፒከር ከሌለው ቪዲዮው ዲዳ ይሆናል። ከታች በቀኝ የድምፁን ምልክት ነክቶ ወደ ላፕቶፑ ስፒከር መመለስ ነው። አጭር መልስ፣ ግን ስንቱን ከጭንቀት ያወጣል።

19ኛው ለፎርኬ ስክሪን የምትከፍለውን ትርፍ ተወው አለ። ያ ሁሉ ፒክስል ግድግዳው ላይ አይደርስም። ብዙ የስብሰባ ፕሮጀክተሮች 1280 በ800 ናቸው፣ አሮጌዎቹ 1024 በ768። ይልቅ የስላይዱን ቅርፅ እይ። ፓወርፖይንት ከ2013 ጀምሮ አዲስ ፋይል ሲከፍት ሰፊውን፣ 16 ለ9ን ነው የሚሰጥህ። በአሮጌው 4 ለ3 ፕሮጀክተር ሲታይ ከላይና ከታች ጥቁር ይሆናል፣ ጽሑፉም ያንሳል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰው የሚከፍለው ዋጋ ይሄ ነው። ለራስህ ስክሪን ግን ብሩህነቱን ጠይቅ፤ ለቤት ውስጥ 300 ኒት ይበቃል፣ መስኮት ሥር የምትቆም ከሆነ 400ና ከዚያ በላይ።

20ኛው በግዕዝ ፊደል ለምንጽፈው ነው። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ ፎንት የተጻፈ ስላይድ ማክ ላይ ሲከፈት ፎንቱ የለም። ማኩ በራሱ ከፋ በሚባለው ፎንት ሊተካው ይሞክራል። የቃሉ ስፋት ይለወጣል፣ በአንድ መስመር ያለቀው ርዕስ ሁለት መስመር ይሆናል፣ ከሥሩ ያለው ሰንጠረዥ ወደ ታች ይገፋል። ኒያላ ዊንዶውስ 10 ላይ ራሱ ለብቻው የሚጫን ሆኗል፤ ዝግጁ ሆኖ የሚገኘው ኢብሪማ ነው። ስለዚህ ፓወርፖይንት ውስጥ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ምርጫ ምታ፣ ከዚያ አንድ ፒዲኤፍ ቅጂ በፍላሽ ያዝ። አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ምክር አይንቅም። እኔ አይቻለሁ።

21ኛው የጌም ላፕቶፑን አሞገሰ። ምንም አይሳነውም አለ። 22ኛዋ ክብደቱን ጠየቀችው። 2.4 ኪሎ፣ ቻርጀሩን ሳይጨምር። ቻርጀሩ እንደ ጡብ። ፋኑ ሲነሳ ዝም ያለ የስብሰባ ክፍል ውስጥ አውሮፕላን ሊነሳ ይመስላል አለችው። እሷ 65 ዋት ታይፕ-ሲ ቻርጀር ይዛ በአንዱ ላፕቶፑንም ስልኩንም ትሞላለች። ስለ አውሮፕላን ካነሳን ብላም ጨመረች፤ በእጅ ሻንጣ ያለ ፈቃድ የሚያዘው ባትሪ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው፣ ትልልቆቹ የጌም ላፕቶፖች 99 ላይ የሚቆሙት ለዚህ ነው።

23ኛው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ግዛ አለ። ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድ፣ ኤሊትቡክ። ለስብሰባ የተሠሩ ስለሆኑ ፖርት አይሰስቱም፤ ኪቦርዳቸውም ጠንካራ ነው። ሁለት ነገር ብቻ አጣራ። አንደኛ፣ ዊንዶውስ 11 ይቀበላል ወይ? የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ 8ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለው ነው የሚያስኬደው። ሁለተኛ ባትሪው። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ አዲስ እያለ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ግማሽ ከሆነ ሌላ ፈልግ።

24ኛው እኔን ነው የመታው። ላፕቶፑ ምንም አላጠፋም፣ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው አለ። ቀድሞ ያልደረሰ፣ ያልሞከረ፣ አፕዴቱን ሳያይ ሰው ፊት ሪስታርት ያደረገ ሰው ምን ቢገዛ አይድንም። ሁለት ጊዜ መልስ ጽፌ ሁለቱንም አጠፋሁ። ሦስተኛውን ልጽፍ ስል 25ኛዋ ቀድማ ደረሰችልኝ፤ ሰው ለመማር ሲጠይቅ አይረገጥም አለችው። ጋሼ በ26ኛው መሐል ገቡ። ልጁ አነጋገሩ ሻካራ ነው፣ ነገሩ ግን ውሸት አይደለም አሉ። እሳቸው እስካሁን 20 ደቂቃ ቀድመው ነው የሚገቡት። ከስብሰባ በፊት ባለው ቀን አፕዴቱን ለሳምንት ያስቆሙታል፣ መልእክት እየዘለለ እንዳይወጣም ያጠፋሉ። የሰው ልጅ ከሚስቱ የተላከለትን ጽሑፍ 50 ሰው ፊት ሲያነብ አይተዋል።

ከዚያ በኋላ ክሩ ወደፈለገው ሄደ። 27ኛው ስላይድ መቀየሪያ ሪሞት አነሳ፤ 28ኛው የሪሞቱ መቀበያ ትልቁን ዩኤስቢ እንደሚፈልግ፣ ታይፕ-ሲ ብቻ ላለው ላፕቶፕ ሌላ አዳፕተር እንደሚያስፈልግ አስታወሰ። 29ኛዋ ሌዘሩ ግድግዳ ላይ እንጂ የቲቪ ስክሪን ላይ በደንብ እንደማይታይ ነገረችን። 30ኛው ስለ ቦርሳ ዚፕ አንድ ገጽ ጻፈ። 31ኛው የራሱን ላፕቶፕ ሊሸጥ ሞከረና ጠፋ።

32ኛው የእኔ ነው። ገዛሁ። 14 ኢንች፣ 1.3 ኪሎ፣ አንድ ኤችዲኤምአይ፣ አንድ ትልቅ ዩኤስቢ፣ ምስል የሚያወጡ ሁለት ታይፕ-ሲዎች። አዳፕተሬን ለብቻው ገዛሁና ቤት ውስጥ ሞከርኩት። ከዚያ ያው ያዋረደኝ አዳራሽ 20 ደቂቃ ቀድሜ ገባሁ። ሰካሁ። ሰማያዊ። ዊንዶውስና ፒ። መጣ።

ቢጫ ሆኖ።

እየሳቅሁ ነቀልኩትና መስኮቱ ዘንድ ወስጄ ጫፉን አየሁት። ከላይኛው ረድፍ መሐለኛዋ ፒን ጎኗ ላይ ተኝታለች። በእስክሪብቶ ጫፍ ቀስ አድርጌ አቀናኋት፣ መልሼ ሰካሁ፣ ነጩ ነጭ ሆነ። አዳራሹን የሚጠብቀው ሰውዬ ከበሩ ሆኖ ያይ ነበር። ፕሮጀክተሩ አርጅቶ ነው እያሉ ይኸው ስንት ጊዜያቸው ነው አለኝ።

33ኛው መልስ ከትናንት ወዲያ መጣ። ራሙ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ።

16 ነው።